ወለሉ እስኪደርቅ

«ሆን ብለሽ ነው?»

አሰልጣኙ ይህን ሲጠይቃት ተንበርክካ ነበር። በአንድ እጇ ጨርቁን ይዛለች፤ በሌላው የአዳራሹን ወለል ተደግፋለች። በዙሪያዋ ላብ ያጠመቃቸው ተጫዋቾች ወገባቸውን ይዘው ቆመዋል። ዳኛው ፊሽካውን ከአፉ ሳያወጣ ይጠብቃታል። ቀና ብላ አሰልጣኙን አየችው እንጂ አልመለሰችለትም። አዎ ማለት አቃታት፤ አይደለም ማለትም አቃታት።

ለምን እንዳቃታት እንዲገባችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

አዳራሹ ቀድሞ የምንጣፍ መጋዘን ነበር። ያሠሩት የአሰልጣኙ አባት ናቸው። እሳቸው ሲሞቱ መጋዘኑ ለታላቅ እህቱ ደረሰ። እሱ ግን በልጅነቱም በጉርምስናውም ከኳስ ሌላ ነገር አላየም፤ ሜዳ ላይ ስሙ የተጠራ ሰው ነበር። ጉልበቱ ከተበላሸ በኋላ አንድ ሐሳብ ያዘው። በአዳራሽ ውስጥ የሚጫወት፣ ደመወዝ የሚከፈለው፣ ኳስን ሥራዬ ብሎ የሚይዝ ቡድን መመሥረት። በከተማው እንዲህ ያለ ቡድን አልነበረም። እህቱን ለመናት።

«አንድ ዓመት ሞክር» አለችው። «ከሊጉ ከወረድክ ግን ምንጣፎቼን እመልሳለሁ። ያኔ ደግሞ እንዳታለቅስብኝ።»

እሷ፣ የዚህ ታሪክ ባለቤት፣ በዚያ መጋዘን ውስጥ ስትጠርግ የኖረች ሴት ናት። ባሏ ልጃቸው ገና በእግሯ ሳትሄድ ነው የሞተባት። ከዚያ ወዲህ ሕይወቷ ሥራና ልጇ ነበሩ። ልጅቷ በረደኝ ሳትል ሹራብ የምታለብስ፣ ከትምህርት ቤት ስትቆይ መንገድ ላይ ወጥታ የምትቆም እናት ነበረች። ልጅቷ አድጋ መድኃኒት ቤት ተቀጥራ እንኳ ያ ስጋት አልለቀቃትም። ምንጣፎቹ ወጥተው የእንጨት ወለል ሲነጠፍ፣ አሰልጣኙ «ይሄን ወለል ካንቺ በቀር የሚያውቀው አይኖርም» ብሎ አስቀራት።

በአዳራሽ ኳስ ውስጥ የወለል ጠራጊ ሥራ ቀላል አይደለም። ተጫዋች ሲወድቅ ላቡ እንጨቱ ላይ ይቀራል። ላቡ ላይ የረገጠ ሰው ደግሞ እግሩ ከሥሩ ይሸሻል። ስለዚህ ዳኛው ጨዋታውን አቁሞ ቦታውን በጣቱ ያሳያል። ጠራጊዋ ከማዕዘኗ ተነስታ ትሮጣለች፤ ተንበርክካ ትጠርጋለች፤ በመዳፏ ትዳብሳለች። ከዚያ እጇን ታነሳለች። እጇ ካልተነሳ ኳስ አይንቀሳቀስም። ተጫዋቾቹ በዚህ የተነሳ «ወይዘሮ ደረቅ» የሚል ስም አወጡላት።

ከሁሉ የሚቀልድባት በረኛው ነበር። በረኛው ዳቦ ጋጋሪ ነው። ወገብና ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ግን የሕፃን የሚመስል።

«እትዬ፣ እኔ ስወድቅ የምጥለው ዱቄት ነው» ይላታል። «ውሃ እንዳታስነኪው፣ ይቦካብሻል።»

«አንተ ብቻ ውደቅ» ትለዋለች። «ማቡካቱን እኔ አላጣውም።»

የሒሳብ መምህር ነበረ፤ ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ የተማሪ ደብተር የሚያርም። ጎሚስታ ነበረ፤ ቀኑን ሙሉ የመኪና ጎማ ሲለጥፍ ውሎ የሚመጣ፣ የጣቱ አሻራ ኳሱ ላይ የሚቀር። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ሥራቸውን ለቀው ነበር የመጡት። አዲስ መለያ ለብሰው ፎቶ ሲነሱ፣ ጎሚስታው እጁን ከጀርባው ደብቆ ነበር የተነሳው።

ደስታው ግን ቶሎ አለቀ። ትኬት የሚገዛ ሰው ጠፋ። ሰዉ «ኳስ በአዳራሽ? ጣራው ሥር ምን ይታያል?» እያለ በር ላይ ቆሞ ሳቀ። ጣራው ያፈስ ስለነበር ዝናብ በዘነበ ቁጥር ልምምዱ በባልዲዎች መካከል ሆነ። ደመወዙ እየዘገየ ሲመጣ ተጫዋቾቹ አንድ በአንድ ወደ ቀድሞ ሥራቸው ተመለሱ። ዳቦ ጋጋሪው ከምድጃ ፊት ተነስቶ ወደ ልምምድ ይመጣል፤ ከልምምድ ወደ ምድጃው ይመለሳል። መምህሩ ቆሞ ይተኛል። አንዳንዶቹ ደግሞ አንድ ቀን ቀሩ፤ በማግስቱም አልመጡም፤ ከዚያም ስማቸውን መጥራት ተተወ። ተቀያሪ ወንበሩ ሰፋ። የቀሩት ድካም አጥንታቸው ውስጥ ገባ።

አሰልጣኙ አይቆጣም ነበር። ድካማቸው የሱ ጥፋት የሆነ ይመስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያናግራቸው ነበር። ሁሉም ሲሄዱ እያነከሰ ባልዲ ይሸከምላታል።

«ይተዉት፣ ጉልበትዎን ያምዎታል» ትለዋለች።

«ቁጭ ብልም ያመኛል። ተሸክሜ ይመመኝ።»

ከዚያ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው እሷ ከቤት በፔርሙስ ያመጣችውን ሻይ ይጠጣሉ። ብዙ አያወሩም። እሱ ባዶውን ሜዳ ያያል፤ እሷ የሱን ጉልበት ታያለች፤ አብጦ እንደሆነ በሱሪው መወጠር ታውቃለች። የደከመ ሰው አጠገብ ደክሞ መቀመጥ ዕረፍት እንደሚሆን ያወቀችው ያኔ ነው።

አንድ ሌላ ነገርም አወቀች። በጨዋታ ጊዜ እጇን ስታነሳ ሁሉም ሰው ያያታል፤ ሥራቸው ነው። እጇ ከወረደ በኋላ ግን ሁሉም ዓይኑን ወደ ኳሱ ሲመልስ የአሰልጣኙ ዓይን እሷ ላይ ይቆያል። ትንሽ ብቻ። ማዕዘኗ ላይ ደርሳ እስክትቀመጥ ድረስ። ይህን ለማንም አልተናገረችም። ለራሷ እንኳ ሁለቴ አላሰበችውም፤ ካሰበችው የሚጠፋ መሰላት።

አንድ ቀን ታላቅ እህቱ አዳራሹን ልታይ መጣች። ወንድሟን ባልዲ ይዞ አገኘችው።

«አባባ በዚህ በር ሲገባ ሠራተኛው ሁሉ ይነሳ ነበር» አለችው። «አንተ ለሠራተኛዋ ውሃ ትሸከማለህ።»

«ባልዲው ከባድ ነው» አለ እሱ።

 እህቱ ስትወጣ ጠራጊዋ አጠገብ ቆም አለችና ድምፅዋን አለሳልሳ እንዲህ አለቻት።

«አንቺ ክፉ ሴት አትመስይኝም። ስለዚህ ልንገርሽ። ወንድሜ ደክሞታል። ሲደክመው ደግሞ አጠገቡ ያገኘው ላይ ሁሉ ይደገፋል። ፍቅር እንዳይመስልሽ።»

ያ ቃል እሾህ ሆኖ ተሰካባት። ሻዩን ማምጣት አልተወችም፤ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አግዳሚው ላይ ራቅ ብላ መቀመጥ ጀመረች። እሱ አየ። ምን እንዳስቀየማት አላወቀም፤ አልጠየቀም። እሱም ራቅ አለ። እንዲህ ሆነው ባልተነጋገሩበት ነገር ተኮራረፉ።

የመጨረሻው ጨዋታ ሲቀርብ ነገሩ ሁሉ ግልጽ ነበር። አቻ ከወጡ በሊጉ ይቆያሉ። ከተሸነፉ ይወርዳሉ፣ አዳራሹም ወደ እህቱ ይመለሳል። በሩቅ ከተማ አዲስ የአዳራሽ ቡድን እየተመሠረተ ነበር፤ አሰልጣኝ እንዲሆንላቸው ጠይቀውታል። በጨዋታው ዋዜማ መረቡን አብረው ሲጠግኑ ነገራት።

«ከወረድን እሄዳለሁ። እዚህ ሌላ ሥራ የለኝም። ካልወረድን እቀራለሁ።» መርፌውን አቆመ። «ብሄድ ግን ብቻዬን መሄድ አልፈልግም።»

ልቧ አፏ ድረስ መጣ። ያ የእህቱ ቃል ግን ቀድሞት ደረሰ።

«ልጅ አለችኝ» አለች።

«ልጅሽ እኮ ትልቅ ሰው ናት።»

«አትፈቅድም።»

ልጅቷን አልጠየቀቻትም ነበር። እሱ አንገቱን ነቀነቀና መረቡን መስፋት ቀጠለ። አልጨቀጨቃትም። ቢጨቀጭቀኝ ኖሮ ብላ ስታስብ አደረች። እንግዲህ የቀራት ተስፋ አንድ ብቻ ነበር፤ አቻ መውጣት። አቻ ከወጡ ማንም አይሄድም፣ እሷም ምንም መምረጥ የለባትም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞላ። ሰው በሞት አልጋ ላይ ያለን እንደሚጠይቅ ሁሉ ሊያያቸው መጣ። ተቃራኒዎቹ ወጣቶች ናቸው፤ ተቀያሪያቸው ብዙ ነው፤ ትኩስ እግር በትኩስ እግር እየተካ ይገባል። የእሷን ቡድን ልጆች ግን የሚተካቸው አልነበረም። ሆኖም ሦስት ለሦስት ሆነው ወደ መጨረሻው ተቃረቡ።

ዳቦ ጋጋሪው አንድ ከባድ ኳስ በደረቱ መልሶ ወደቀና ተንሸራተተ። ወለሉ ከጫፍ ጫፍ ረጠበ። ዳኛው ፊሽካ ነፍቶ በጣቱ አሳየ። እሷ ሮጠች፣ ተንበረከከች፣ ጠረገች።

ከበላይዋ የዳቦ ጋጋሪው ትንፋሽ ይሰማታል። ፉጨት አለበት። ጎሚስታው የባቱን ጡንቻ በሁለት እጁ ጨምቆ ይዟል። መምህሩ ከንፈሩ ነጥቷል። በአዳራሽ ኳስ ጨዋታው ሲቆም ሰዓቱም ይቆማል፤ ስለዚህ እሷ ብትዘገይ ጊዜ አይገኝም። ትንፋሽ ግን ይገኛል። አንድ ጊዜ ጠረገች። ወለሉ ደረቀ። ጨርቁን ገልብጣ እንደገና ጠረገች።

«እትዬ፣ ወለሉን እየጠረግሽው ነው ወይስ እያስተኛሽው?» አለ ከተቃራኒዎቹ አንዱ። ሰው ሳቀ።

«ደርቋል?» አላት ዳኛው።

እጇን አላነሳችም። ፉጨቱ ከዳቦ ጋጋሪው ትንፋሽ ውስጥ እየጠፋ ሲሄድ ይሰማታል። ሌላ ትንሽ፣ ብላ አሰበች። ሌላ ትንሽ። በመዳፏ የደረቀውን እንጨት ዳበሰች።

አሰልጣኙ እያነከሰ እስከ መስመሩ መጣና ጎንበስ አለ። ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ጠየቃት።

«ሆን ብለሽ ነው?»

ቀና ብላ አየችው። ዓይኑ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ልመና ነበር። አይደለም እንድትለው ይለምናት ነበር። እሷ ዝም አለች። እሱም ቀና ብሎ ወደ ዳኛው ዞረ።

«ሴትዮዋን ቀይሩልኝ» አለ። «ሌላ ሰው ይጥረግ።»

 ጨርቋን ይዛ ተነሳች። ከሜዳው እስከ በሩ ያለው መንገድ ያን ያህል ረጅም መሆኑን በዚያ ሁሉ የጠረጋ ዘመኗ አላወቀችም ነበር።

በአዳራሹ ጀርባ ባልዲና መወልወያ የሚቀመጥባት ጠባብ ክፍል አለች። እዚያ ገብታ በሩን ዘጋች። ጨዋታውን በጆሮዋ ተከተለችው። የጫማ ሲጥታ። የኳስ ምት በግድግዳ ላይ። የዳቦ ጋጋሪው ቀጭን ድምፅ፣ «ኋላህን እይ፣ ኋላህን።» ከዚያ አንድ ከባድ ነገር ሲወድቅ ሰማች፤ ጎሚስታው መሆኑን አወቀች፤ ባቱ ነው። ቀጥሎ ጩኸት ፈነዳ። ጩኸቱ ከየትኛው ወገን እንደመጣ ሲገባት ፊቷን በጨርቁ ሸፈነች። ጨርቁ የነሱን ሁሉ ላብ ይሸት ነበር።

ሰዉ ወጥቶ ሲያልቅ በሩ ተከፈተ። አሰልጣኙ ነው። አንዱን ባልዲ ደፍቶ ተቀመጠበትና የታመመ እግሩን ዘረጋ። 

«በዚያ መንገድ ብንተርፍ ኖሮ» አለ፣ «ይህን ቡድን የመሠረትኩት ለምን እንደነበር እረሳው ነበር።»

«ገብቶኛል።»

«አይደለም ብትይኝ አምንሽ ነበር። ለምን ዝም አልሽ?»

«ስለምታምነኝ ነው ዝም ያልኩት።»

ከዚያ በፊት አንተ ብላው አታውቅም። ሁለቱም ሰሙት፤ ሁለቱም አለፉት።

«አዎ ብትይኝስ?»

«በዚያ ሁሉ ሰው ፊት? አዎ ካልኩህ ቀጥለህ ለምን ልትለኝ ነው።»

«አሁን ሰው የለም» አለ። «ለምን?»

ጨርቁን ጉልበቷ ላይ አጠፈችው። ዘረጋችው። እንደገና አጠፈችው።

«እንዳትሄድ» አለች።

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።  እሷ ግን የያዘችውን ሁሉ ካላወጣች እንደማትነሳ አወቀች።

«ሴትዮዋን አልክ» አለችው። «ስሜን እንኳ አልጠራህም። ዓመቱን ሙሉ አብሬህ ሻይ ጠጥቼ፣ በዚያ ሕዝብ ፊት ሴትዮዋን አልክ።»

«ስምሽን ብጠራ ድምፄ ያሳብቅብኝ ነበር።»

ከዚያ ያን እሾህ አወጣችው።

«እህትህ ያለችው እውነት ነው? ደክሞህ፣ አጠገብህ ስላገኘኸኝ ነው?»

መጀመሪያ ነገሩ አልገባውም። ሲገባው ያን ሁሉ ጊዜ አግዳሚው ላይ ለምን ራቅ ብላ ትቀመጥ እንደነበር አብሮ ገባው። ፊቱ ላይ አየችው።

«ደክሞኛል» አለ። «አልዋሽሽም። ግን የደከመው ሰው የሚፈልገው መቀመጫ ነው። እኔ ተቀምጬም፣ አርፌም፣ ሌላ ምንም ሳያስፈልገኝም አንቺን ነው የምፈልገው።»

ከበላያቸው ጣራው ላይ ዝናብ ጀመረ። ባልዲ ለማስቀመጥ ሁለቱም አልተነሱም። እጇን ያዘው። እጇ በሳሙናና በውሃ የሻከረ ነበር፤ ልትደብቀው ፈልጋ ተወችው።

ቤት ስትደርስ ልጇ የታጠበ ልብስ ስታጥፍ አገኘቻት። አብራት ማጠፍ ጀመረች። አንድ አንሶላ በሁለት ጫፍ ይዘው እየወጠሩ ሁሉንም ነገረቻት። መሸነፋቸውን፣ ጥያቄውን፣ የሩቁን ከተማ።

«ታዲያ ምን አልሽው?» አለች ልጅቷ።

«ልጄ አትፈቅድም አልኩት።»

ልጅቷ አንሶላውን እንደያዘች ቆመች።

«መቼ ጠየቅሽኝ?»

እናት ዓይኗን ሰበረች።

«እማ፣ እኔን ነው ምክንያት ያደረግሽው? እኔ እኮ ስታመሺ ሻዩን የምሞላልሽ ከማን ጋር እንደሚጠጣ እያወቅኩ ነው። ስኳር የጨመርኩልሽ ለማን መሰለሽ፣ አንቺ እንደሆነ በስኳር አትጠጪም።»

«ብቻሽን እንዴት ትሆኛለሽ? ብትታመሚስ?»

«መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። ብታመም ከኔ ለመድኃኒት የቀረበ ማን አለ?» ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሃል ላይ ተሰበረ። «አንቺ ሰው ነሽ እንጂ የቤት ቁልፍ አይደለሽም፤ ሁልጊዜ አንድ ቦታ የምትገኚ። እኔም አንድ ቀን ደውዬ እናቴ ናፈቀችኝ ማለት እፈልጋለሁ። እስኪ ናፍቂኝ።»

አንሶላውን አጠፉት። ከዚያ ሌላ የሚታጠፍ ነገር ጠፋ፤ እናትና ልጅም ባዶ እጃቸውን ይዘው ተቃቀፉ።

ቡድኑ የመጨረሻ ስብሰባውን መልበሻ ክፍል ውስጥ አደረገ። ማንም ማንንም አልወቀሰም፤ ለመውቀስም አቅም ይጠይቃል። ጎሚስታው አንድ ቃል ሳይናገር ጫማውን ይዞ ወጣ። ዳቦ ጋጋሪው ግን እጁን አወጣ።

«ጋሼ፣ ወረድን እንጂ አልሞትንም» አለ። «የመምህሩ ትምህርት ቤት አዳራሽ አለው። ቅዳሜ ቅዳሜ ባዶ ነው። ደመወዝ የለውም፤ ለነገሩ እዚህም አልነበረም።»

ከሽንፈቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። አሰልጣኙም ሳቀ፤ ሳቁ ሲያበቃ ግን መለያዎቹን የያዘውን ሻንጣ ብድግ አድርጎ ለዳቦ ጋጋሪው አስረከበው። ሁለቱም ሻንጣውን ይዘው ትንሽ ቆዩ። ማን ቀድሞ እንደሚለቅ አላወቁም።

አውቶቡሱ የሚነሳው ጠዋት ነበር። አሰልጣኙ ጥጉ ላይ ለጉልበቱ የሚመቸውን ወንበር ይዞ ጠበቃት። እሷ ከታች ከልጇ ጋር ቆማ ትናገራለች። የጋዙን መዝጊያ ሁለቴ እይው። መስኮቱ ሲነፍስ አይገጥምም፣ በጨርቅ እሰሪው። ስታመሺ በጨለማው መንገድ አትምጪ፣ ዞረሽ ነይ።

«እሺ እማ።»

«ሹራብሽን ይዘሻል?»

«ፀሐይ ነው እኮ፣ እማ።»

«ቢሆንም።»

ልጅቷ በቀስታ ወደ አውቶቡሱ ደረጃ ገፋቻት።  እናት መዞር ፈራች፤ ከዞረች የምትወርድ መሰላት። ወጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። ራቅ ብላ አይደለም።

ጎሚስታው ወደ ጎማው ተመለሰ፤ ዳግመኛ ኳስ አልነካም። ዳቦ ጋጋሪውና መምህሩ ቀሩ፤ ቡድኑም ስሙን ይዞ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ቀረ። ልጅቷ በእናቷ ቤት ቀረች። ቡድኑን የመሠረተው ሰው ሄደ። እናትም አብራው ሄደች።